ሚዛኑ የማን ነው? የዓሣ አጥማጅ ታሪኮችን ስናነብ የምንዘለው ገጽ

አንድ ቀን እንኳ ሥልጠና ላይ የተቀመጠ ሰው ይህችን አባባል ሳይሰማ አይቀርም፦ ለሰው ዓሣ ከምትሰጠው ማጥመድ አስተምረው። ፕሮጀክተር ላይ ትወጣለች፣ ብሮሹር ላይ ትታተማለች፣ የንግድ ሥራ ክህሎት የሚያስተምሩ ሰዎች በየመድረኩ ይደግሟታል። ደስ የምትል አባባል ናት፤ ለሰው ክብር ትሰጣለች። ግን አንድ ነገር ጎድሏታል። እሺ፣ ሰውየው ማጥመድ ተማረ እንበል። ንጋት ላይ ሠላሳ ቆሮሶ ይዞ ከሐይቁ ወጣ። ከዚያስ? ሠላሳውንም ቁጭ ብሎ አይበላውም። ጤፍ መግዛት አለበት፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ የልጅ ደብተር አለበት። ስለዚህ ይሸጣል። ለማን? በስንት? መረቡን የገዛለት ማን ነው? ጀልባዋስ የማን ናት? ፀሐይ ሳትወጣበት ካልሸጠስ?

አባባሏ እዚህ ድረስ አትመጣም። የሚገርመው ደግሞ ስለ ዓሣ አጥማጆች የተጻፉ ልብ ወለዶችና የተሠሩ ፊልሞች ብዙዎቹም እዚህ ድረስ አይመጡም። ባሕሩ አለ፣ ማዕበሉ አለ፣ ብቸኛው ሰውና ትልቁ ዓሣ አሉ። ዓሣው መሬት ሲነካ ታሪኩ ያልቃል። የሰውየው ኑሮ የሚወሰነው ግን ያኔ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ በእጄ ሲገባ አንድ ነገር ፈልጌ ነው የማነበው፦ ሚዛን። የብረት ሚዛን ሊሆን ይችላል፣ የሒሳብ መዝገብ ሊሆን ይችላል፣ በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ያለ ስሌትም ሊሆን ይችላል። ብቻ ዓሣው ወደ እንጀራ የሚለወጥበት ቦታ። ይህን ቦታ የሚያሳየኝ ሥራ ስለ ዓሣ አጥማጅ ነው። የማያሳየኝ ሥራ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ስለ ባሕር ነው። በዚህ መለኪያ አራት ሥራዎችን እንያቸው፤ መጨረሻ ላይ ወደ ራሳችን ሐይቆች እንመጣለን።

ከ300 አንድ፣ ከ777 አንድ

ኸርማን ሜልቪል "ሞቢ ዲክ"ን እ.ኤ.አ. በ1851 ሲያሳትም ስለ ዓሣ ነባሪ አደን ነበር የጻፈው። ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም የምትሉ ልክ ናችሁ፤ ተራኪው ኢሽማኤል ግን ዓሣ ነው ብሎ ድርቅ ስላለ ለዛሬ እሱን እንስማው። ይህን መጽሐፍ የማያውቅ ሰው እንኳ አንድ እግሩን ስላጣው ካፒቴንና ስለ ነጩ ዓሣ ነባሪ ሰምቷል። በቀል፣ እብደት፣ ዕጣ ፈንታ እያልን የምናወራው ስለዚያ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ የምመለስባት ምዕራፍ መርከቧ ገና ከወደብ ሳትነሳ ያለችው ናት፤ ኢሽማኤል ሥራ ሊቀጠር የሄደባት።

በዚያ ዘመን የዓሣ ነባሪ መርከበኛ ደመወዝ የለውም። የሚከፈለው ድርሻ ነው፤ መርከቧ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ስትመለስ ከተጣራው ገቢ ከስንት አንድ እንደሚደርሰው ቀድሞ ይዋዋላል። ከመርከቧ ባለድርሻዎች አንዱ ሽማግሌው ቢልዳድ መጽሐፍ ቅዱሱን እያነበበ ለኢሽማኤል ከ777 አንድ ይበቃዋል ይላል። በምድር ላይ መዝገብ አትሰብስቡ የሚለውን ቃል እያነበበ ነው ይህን የሚለው! ጓደኛው ፔሌግ ይቆጣል፣ ይጨቃጨቃሉ፣ በመጨረሻ ኢሽማኤል በ300ኛ ድርሻ ይፈርማል። በማግስቱ የሚመጣው ኩዊኩዌግ ጦሩን ወርውሮ ዒላማውን ሲመታ ግን 90ኛ ድርሻ ያገኛል።

ቁጥሯ ትልቅ ስትመስል ገንዘቧ ትንሽ ነው። ሜልቪል ይህን ቀልድ በደንብ ያውቅበታል፤ ራሱ በወጣትነቱ በዓሣ ነባሪ መርከብ ላይ ሠርቷል። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ይህ ምዕራፍ ከማንም በላይ ቅርብ መሆን አለበት። እኩል አራሽ፣ ሲሶ፣ ኢርቦ የሚሉ ቃላት ያሉን ሰዎች ነን። ያረሰው እና መሬቱን የያዘው እንዴት እንደሚካፈሉ አያቶቻችን በሚገባ ያውቁታል። በብዙ የዓለም ባሕርና ሐይቅ ያለው አሠራርም እስከ ዛሬ ይኸው ነው፦ የጀልባው ባለቤት ድርሻ፣ የመረቡ ባለቤት ድርሻ፣ የነዳጁ ወጪ ይቀነሳል፣ ከዚያ የተረፈው ለቀዛፊውና ለመረብ ጎታቹ ይከፋፈላል። ዓሣው ካልተያዘ ደግሞ የሚከፋፈለው ባዶ ነው። ደመወዝተኛ የሥራውን ኪሳራ ለአሠሪው ይተውለታል፤ ድርሻ ተቀባይ ግን ኪሳራውንም ይካፈላል።

እናም የመጽሐፉን መጨረሻ በዚህ ዓይን አንብቡት። መርከቧ ሰጠመች። በሕይወት የተረፈው ኢሽማኤል ብቻ ነው። የዜሮ 300ኛ ድርሻ ስንት ነው? እኛ ስለ ዕጣ ፈንታ እየተከራከርን ሳለ በናንተኬት የቀሩት የመርከበኞቹ ሚስቶች ይህን ሒሳብ ማስላታቸው አይቀርም።

እርሳስ የጠፋበት ሽማግሌ

ሁለተኛው ሥራ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። የኧርነስት ሄሚንግዌይ "ሽማግሌውና ባሕሩ" እ.ኤ.አ. በ1952 ታተመ። የሞቲቬሽን ገጾች አንዷን ዓረፍተ ነገሩን ቆርጠው፣ ጀንበር ስትጠልቅ የሚያሳይ ፎቶ ላይ ለጥፈው ያዞሯታል። በዚያ አነባበብ ሳንቲያጎ እጅ የማይሰጥ ጀግና ነው፣ ባሕሩ ፈተና ነው፣ አለቀ። መጽሐፉ ይህን አይልም ማለቴ አይደለም። ግን ሌላም ነገር ይላል፣ እሱን ደግሞ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚለው።

ሳንቲያጎ 84 ቀን ዓሣ አልያዘም። አብሮት ይወጣ የነበረው ልጅ ማኖሊን ከ40 ቀን በኋላ በወላጆቹ ትእዛዝ ወደ ሌላ ጀልባ ሄዷል። ለምን? ወላጆቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። የልጁ ድርሻ ለቤቱ ገቢ ነው። አዲሷ ጀልባ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጥሩ ዓሣ ያዘች። በቃ፣ ይኸው ነው ምክንያቱ። በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ትልቁን የፍቅር መለያየት የፈጠረው የአንድ ቤተሰብ የወር ወጪ ነው።

ከዚያ ሽማግሌው ራት ይበላል። ራቱን ልጁ ከቡና ቤቱ ባለቤት ከማርቲን ነው ያመጣለት። ሳንቲያጎ ምን ይላል? ትልቅ ዓሣ ስይዝ የሆዱን ሥጋ እሰጠዋለሁ ይላል። ይህ ምስጋና ብቻ አይደለም፤ ብድር ነው። ዓሣ አጥማጅ በማይቀናው ወቅት የሚኖረው በዱቤ ነው፣ ዱቤው የሚከፈለው ገና ባልተያዘ ዓሣ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰፈር ሱቅ በደብተር እየጻፈ የወሰደ ሰው ይህን ትዕይንት ማንም ሳያብራራለት ይረዳል።

እንግዲህ ትልቁ ዓሣ ተያዘ፣ ሞተ፣ ከጀልባዋ ጎን ታሰረ። ሳንቲያጎ ምን ያስባል? ስለ ክብር ከማሰቡ በፊት ያሰላል። ዓሣው ከ1500 ፓውንድ በላይ ይሆናል፣ ሲበለት ሁለት ሦስተኛው ቢተርፍ፣ ፓውንዱ በ30 ሳንቲም ቢሸጥ... ይህን ለማስላት እርሳስ ያስፈልገኛል ብሎ ይተወዋል። እኛ እርሳስ አለንና እንጨርስለት፦ 300 ዶላር። በዚያው መጽሐፍ ሁለቱ ለሎተሪ ቲኬት ሁለት ዶላር ከሃምሳ ከየት እንበደር ብለው ይመካከራሉ። 300 ዶላር የዚያ ብድር 120 እጥፍ ነው።

አሁን ሻርኮቹ ሲመጡ በሌላ ስሜት ታነባላችሁ። የመጀመሪያው ሻርክ 40 ፓውንድ ያህል ወሰደ። 12 ዶላር! ያ ንክሻ ለእኛ ምሳሌያዊ ነው፤ ለሽማግሌው ግን ከሎተሪው ብድር ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ገንዘብ ነው። በመጨረሻ የቀረው አጽምና ጭንቅላት ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱን አንድ ሌላ አጥማጅ ለዓሣ ወጥመድ እንዲጠቀምበት ይወስደዋል። ቡና ቤቱ ውስጥ ያለች ቱሪስት አጽሙን አይታ የሻርክ መስሏት ሻርክ እንዲህ የሚያምር ጭራ እንዳለው አላውቅም ነበር ትላለች።

በእኔ ግምት ያቺ ቱሪስት እኛ ነን፤ አጽሙ አማረን፣ ፎቶ አነሳነው፣ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። ሄሚንግዌይ ለዚህ አነባበብ የሚሆነውን ሁሉ አስቀምጦልን ነበር፦ ዓሣውን ወደ ሃቫና ገበያ የሚወስደውን የበረዶ መኪና፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለውን የሻርክ ፋብሪካ፣ የሻርክ ጉበት በተወደደ ጊዜ ሞተር ጀልባ የገዙትን ወጣት አጥማጆች። ይህ ሁሉ በጥቂት መስመር ያልፋል። ድክመቱ ያለው እዚህ ይመስለኛል፦ መኪናውም ፋብሪካውም የማን እንደሆኑ፣ ያ 30 ሳንቲም በማን እንደተተመነ መጽሐፉ አይጠይቅም። ዋጋው እንደ ነፋሱ ከሰማይ የመጣ ይመስላል። ጠላቱ ሻርክ ብቻ ሆነ። ሻርኮቹ ባይመጡስ ኖሮ? ሽማግሌው 300 ዶላሩን ያገኝ ነበር?

ሚዛኑን ባሕር ውስጥ የጣሉት

ይህን ጥያቄ ከሄሚንግዌይ አራት ዓመት ቀድሞ የመለሰ ፊልም አለ። የሉኪኖ ቪስኮንቲ "ላ ቴራ ትሬማ"፣ ምድር ትንቀጠቀጣለች ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በሲሲሊ አቺ ትሬዛ በምትባል የአጥማጆች መንደር ተሠራ። መነሻው የጆቫኒ ቬርጋ የ1881 ልብ ወለድ "ኢ ማላቮልያ" ነው። ተዋናዮቹ የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚናገሩትም የራሳቸውን ሲሲልኛ ነው። ለተቀረው ኢጣሊያዊ ተመልካች እንኳ ቋንቋው ስለማይገባ ፊልሙ ላይ በጣሊያንኛ የሚተርክ ድምፅ ተጨምሯል። ጥቁርና ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ ቀስ ይላል። ስልካችሁን አስቀምጡና እዩት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ንቶኒ የሚባል ወጣት ከወታደርነት ተመልሶ ከወንድሞቹና ከአያቱ ጋር ያጠምዳል። ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ፤ ንጋት ላይ ጅምላ ነጋዴዎቹ ዳር ላይ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ዋጋውን የሚቆርጡት ነጋዴዎቹ ናቸው፣ ሚዛኑም የነሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ለምደውታል። ወጣቶቹ አንድ ቀን ይበቃል አሉ፤ ግርግር ተነሳ፣ ሚዛኖቹ ባሕር ውስጥ ተጣሉ። ታሰሩ። ብዙም ሳይቆዩ ግን ራሳቸው ነጋዴዎቹ አስፈቷቸው። ለምን መሰላችሁ? የሚያጠምድላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋላ!

ንቶኒ ከዚህ አንድ ነገር ተረዳ፦ እነሱ ያለ እኛ አይኖሩም። ቤተሰቡን አሳምኖ ቤታቸውን በባንክ አስያዘና ለብቻቸው መሥራት ጀመሩ። ብዙ አንቾቪ፣ ያቺን ትንሿን ዓሣ፣ ያዙ። በርሜል ገዝተው፣ ጨው ነስንሰው አስቀመጡት። ይህ ትዕይንት በፊልሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ ደስታ የሞላበት ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ጨው ሲነሰንስ፣ ሲስቅ፣ ጎረቤት ሲሰበሰብ።

ለምን ጨው? ገበሬና ዓሣ አጥማጅ የሚለያዩበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ገበሬ ጤፉን ጎተራ ማስገባት ይችላል። ዋጋ ካልጣመው፣ ሌላ ዕዳ ካልያዘው፣ እስከ ክረምት ይጠብቃል። ዓሣ ግን አይጠብቅም። ከውሃ ከወጣ ጀምሮ በየሰዓቱ ዋጋው ይወርዳል፤ በሙቀት ከሰዓት በኋላ የሚጣል ነገር ይሆናል። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ መከራከር አያስፈልገውም፣ መቆም ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ስለዚህ የአጥማጅ ጎተራ ጨው ነው፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በረዶ። ንቶኒ በርሜል ሲገዛ የገዛው ጊዜን ነው፤ አልሸጥም ብሎ መቆየት የሚችልበትን ጊዜ።

ግን በርሜሉም ጨውም ባንኩም ገንዘብ ይፈልጋሉ። ዕዳው ስላለ በመጥፎ አየር እንኳ መውጣት ግዴታ ሆነ። ማዕበል ጀልባዋን ሰባበራት። ጀልባ ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ በርሜሎቹን ይዞ መቆየት አይቻልም። ነጋዴዎቹ መጡና የጨው ዓሣውን በረባ ባልረባ ዋጋ ወሰዱት። ቤቱን ባንክ ወሰደው። አንዱ ወንድም የአሜሪካ ሲጋራ ከሚያድል እንግዳ ሰው ጋር ጠፋ። የእህቶቹ ትዳር ተበላሸ። መጨረሻ ላይ ንቶኒ ትንንሽ ወንድሞቹን ይዞ ነጋዴዎቹ ቢሮ ይገባል፣ ይሳቅበታል፣ ይመዘገባል፣ ወደ መቅዘፊያው ይመለሳል።

ይህ ፊልም ከኢጣሊያ ኮሚዩኒስት ፓርቲ በተገኘ ገንዘብ ነው የተጀመረው፣ አልፎ አልፎም ይታወቅበታል፤ ተራኪው ድምፅ እኛ ቀድመን ያየነውን ነገር ያስተምረናል። ደግሞ ይህን ያህል ድህነት ይህን ያህል በሚያምር ቅንብር መታየቱ ያስቸግራል፤ ገደሉ ላይ ጥቁር ለብሰው ጀልባዋን የሚጠብቁት ሴቶች እንደ ሐውልት ነው የቆሙት። ቢሆንም ማዕበሉን የሠራበት መንገድ ከሁሉም ይበልጥብኛል። በሄሚንግዌይ ዘንድ ሻርኩ የተፈጥሮ ነው። በቪስኮንቲ ዘንድ ማዕበሉም የተፈጥሮ ነው፤ ንቶኒን ማዕበል ውስጥ ያስገባው ግን የወሩ ክፍያ ነው። ያን ቀን መቅረት ቢችል ኖሮ ጀልባዋ ትተርፍ ነበር።

ዓሣው ሄደ፣ አጽሙ ቀረ

አራተኛው ሥራ የቅርባችን ነው። ኦስትሪያዊው ሁበርት ዛውፐር እ.ኤ.አ. በ2004 "የዳርዊን ቅዠት" የሚል ዘጋቢ ፊልም አወጣ፤ ለኦስካርም ታጭቶ ነበር። ቦታው በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለችው የታንዛኒያዋ ምዋንዛ ናት። ዓሣው የናይል ፐርች ነው፤ እኛ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ጫሞ ሐይቅ ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖረው። ቪክቶሪያ ውስጥ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሰው እጅ የገባ ነው። በዝቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሐይቁን ትንንሽ የዓሣ ዝርያዎች አመናመነ፣ ብዙዎቹንም አጠፋ። በምትኩ ፋብሪካ መጣ፣ ፊሌቶ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ መጫን ጀመረ።

ፊልሙ የሚያሳየን ነገር ከዓይን አይጠፋም። ሥጋው ተገፎ ይሄዳል። ጭንቅላቱና አጽሙ በመኪና ተጭኖ ከከተማው ውጭ ይደፋል፤ ሴቶች ትልና ጭቃ መሃል ቆመው እንጨት ላይ ይሰቅሉታል፣ ይደርቃል፣ ይጠበሳል፣ የአገሬው ሰው ይበላዋል። አንድ የሌሊት ዘበኛ በአንድ ዶላር የመርዝ ቀስት ይዞ ያድራል። የጎዳና ልጆች የዓሣ ማሸጊያውን ፕላስቲክ አቅልጠው ይስቡታል። ከዚያ ዳይሬክተሩ አብራሪዎቹን ደጋግሞ ይጠይቃል፦ ስትመጡ ምን ጭናችሁ ነው የምትመጡት? ወደ ጦር መሣሪያ ንግድ የሚያመራው ይህ ጥያቄ ፊልሙን አነጋጋሪ አደረገው። የታንዛኒያ ፕሬዚዳንት በይፋ ተቃወሙት፤ አንድ ፈረንሳዊ የታሪክ ምሁር በብርቱ ተቸው፣ ነገሩ ፓሪስ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2008 የስም ማጥፋት ክሱ ለዳይሬክተሩ ተፈረደለት።

ክርክሩ ሁሉ በአውሮፕላኑ ጭነት ላይ ሆነ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ፊልሙ አብራሪ ያሳየናል፣ ሴተኛ አዳሪ ያሳየናል፣ የፋብሪካ ባለቤት፣ ሰዓሊ፣ ዘበኛ ያሳየናል። አጥማጆቹንም በየደሴቱ ካምፕ ያሳየናል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲታመሙና ሲሞቱ ነው። ሲሠሩ፣ ሲደራደሩ፣ ሲከፋፈሉ፣ ዓሣቸውን ለማን በስንት እንደሚያስረክቡ ሲነጋገሩ ብዙ አናይም። እንደ ተጎጂ ቀርበውልናል፤ እንደ ሠራተኛ አልቀረቡም። ተጎጂ ይታዘንለታል፤ ሠራተኛ ግን ዋጋው ስንት ነው ተብሎ ይጠየቃል። አውሮፓዊው ተመልካች ከፊልሙ ወጥቶ ዓሣውን አልበላም ቢል ህሊናው ያርፋል፣ የምዋንዛው መረብ ጎታች ግን ገበያውን ያጣል። ቪስኮንቲ ከ50 ዓመት በፊት ዳር ላይ ያቆመውን ሚዛን ዛውፐር ትቶት ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

የእኛስ?

ተረትና ምሳሌያችንን እንፈትሽ። ዓሣን መብላት በብልሃት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። የዓሣ ግማቱ ከአናቱ። ሦስቱም ጥሩ ናቸው። የመጀመሪያው የተጻፈው ለበላተኛ ነው። ሁለተኛው አጥማጁን ያነሳል፣ ግን ነገር የሚያባብስ ሰው አድርጎ ነው። ሦስተኛው ስለ ሹማምንት ነው። ዓሣ እያጠመደ ስለሚኖረው ሰው አንዳቸውም አያወሩም። ይልቅ ወንጌሉ የተሻለ ነው፦ የዘብዴዎስ ልጆች አባታቸውን ከሞያተኞቹ ጋር በጀልባ ላይ ትተው ሄዱ ይላል፣ ቅጥር ሠራተኛ ነበራቸው ማለት ነው። በዮሐንስ መጨረሻ ምዕራፍ ደግሞ መረቡ ውስጥ የገባው ዓሣ 153 ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቆጥሮታል። ተአምር ፊት ቆሞ እንኳ መቁጠር የማይረሳ ሰው አጥማጅ መሆን አለበት።

የአማርኛ ልብ ወለድ በመሬትና በገበሬ ላይ ጎበዝ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ"ፍቅር እስከ መቃብር" ባላባትና ጭሰኛ በምን እንደሚጣሉ በዝርዝር አሳይተውናል፤ የበዓል መተያያ ይዞ የሚሄድ ገበሬ ምን እንደሚሰማው እናውቃለን። ሐይቁ ላይ ግን መደርደሪያችን ይሳሳል። ሐይቅ ሲነሳ ገዳም ይነሳል፣ ታንኳ ይነሳል፣ ፍቅረኞች በጀንበር ይነሳሉ። ታንኳዋን ከደንገል የሚሠሩት የጣና ወይጦዎች፣ ዓሣና ጉማሬ በላችሁ ተብለው ለዘመናት የተገለሉት፣ የራሳቸውን ቋንቋ እንኳ አጥተው አማርኛ ተናጋሪ የሆኑት፣ ከፎቶ ማሳመሪያነት አልፈው ገጸ ባሕርይ ሲሆኑ ማየት ብርቅ ነው። ያቺ ታንኳ በጥቂት ወራት ውስጥ ውሃ ጠጥታ ትከብዳለች፣ ሌላ መሠራት አለበት። ይህ ብቻ አንድ አጭር ልብ ወለድ ይወጣዋል።

ለመጻፍ ለምትፈልጉ ጥሬ ዕቃው ይኸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ጣና ላይ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ቀድሞ በታንኳ ዳር ዳሩን ይጠመድ የነበረው ሐይቅ መሃሉ ድረስ ተከፈተ። ሳይንቲስቶች ላቤዮባርበስ የሚሏቸው፣ በዓለም ላይ እዚያ ብቻ የሚገኙ ብዙ ዝርያዎች ያሏቸው ዓሦች በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወደ መሳሰሉ ወንዞች ለመራባት ይወጣሉ፤ ያኔ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብዛታቸው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ እምቦጭ መጣ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቶ ፈቃድን፣ መረብን፣ የተከለከሉ ቦታዎችንና ወቅቶችን ይመለከታል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋውን ሰው ስግብግብ ማለት ቀላል ነው። ንቶኒን በማዕበል የወጣ ሞኝ ማለትም እንዲሁ ቀላል ነው። ጥሩ ጸሐፊ ግን ይጠይቃል፦ ያን ሳምንት ቤቱ ቢውል ምን ይበላ ነበር?

ወይም ሐዋሳን ውሰዱ። አሞራ ገደል የሄደ ሁሉ ፎቶ አለው፤ አሞራዎቹ፣ ጀልባዎቹ፣ ጥሬ ዓሣ በዳጣ። ቢላ ይዞ ፊሌቶ የሚያወጣው ልጅ ከኋላ ብዥ ብሎ ይታያል። አንድ ሒሳብ ልስጣችሁ፦ ሦስት ኪሎ ቆሮሶ ሲገፈፍና አጥንቱ ሲወጣ የሚተርፈው አንድ ኪሎ ገደማ ሥጋ ነው። ስለዚህ ሬስቶራንት ውስጥ የምናየው የፊሌቶ ዋጋ ዳር ላይ ከሚከፈለው የሙሉ ዓሣ ዋጋ ሦስት እጥፍ ቢሆን ገና ማንም አላተረፈም። ከዚያ በላይ ያለው ግን የሆነ ሰው ኪስ ይገባል፦ የበረዶው፣ የመኪናው፣ የደላላው፣ የነጋዴው። አንዳንዱ የሠራበት ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ዓሣው ይበላሻል፣ ኪሳራው የነጋዴው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ዳር ላይ ስለቆመ ብቻ የወሰደው ነው። በጾም ወቅት፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ገበያው ይጦፋል። ጭማሪው ታንኳዋ ላይ ያለው ሰው ዘንድ ይደርሳል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል? ይህ ጥያቄ የኢኮኖሚ ባለሙያ ብቻ አይደለም። ባል ማታ ይዞት የገባው ብር ከትናንቱ በ50 ብር ሲያንስ ሚስት ምን ትላለች? ከዚያ የሚነሳው ንግግር ድርሰት ነው።

ማኅበር አቋቁሙ የሚለው መልስም የራሱ ታሪክ ያለው ነው። ማኅበር ማለት ንቶኒ ለብቻው ያቃተውን፣ በርሜሉንና ጨውን፣ በብዙ ትከሻ መሸከም ነው። ሚዛኑ የማኅበሩ ሲሆን ደግሞ አዲስ ጥያቄ ይመጣል፦ ሚዛኑ አጠገብ የሚቆመው ማን ነው? ሊቀመንበሩ የማን ዘመድ ነው? ቪስኮንቲ እዚህ አልደረሰም። ሜልቪልም ሄሚንግዌይም አልደረሱም። የእኛ ሐይቆች ላይ ያለው ሰው ግን በየሳምንቱ እዚህ ነው ያለው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጽፈው ሐዋሳ፣ ባቱ፣ አርባ ምንጭ ወይም ባሕር ዳር ያደገ ሰው ቢሆን አይገርመኝም።

እስከዚያ ድረስ ሦስቱን ሥራዎች፣ አራተኛውንም ጨምራችሁ፣ እዩአቸው፣ አንብቧቸው። ሳንቲያጎ ጋር ስትደርሱ እርሳስ ያዙ። ንቶኒ ጋር ስትደርሱ ጨዉን ልብ በሉ። ምዋንዛ ላይ አውሮፕላኑ ሲነሳ ካሜራው ያልተከተለውን፣ ባዶ ጀልባውን አዙሮ ወደ ደሴቱ የሚመለሰውን ሰው ፈልጉት፤ ነገ ንጋት ላይ መልሶ ዳር ይመጣል።